ጋዝ ሃይድሬት ባለበት የባሕር ወለል ደለል ውስጥ የሴይስሚክ ሞገድ ሞዴል አሠራር

ጋዝ ሃይድሬት በረዶ መሳይ ጠጣር ነው፤ የውሃ ሞለኪውሎች ጎጆ ሠርተው ሚቴንን በውስጣቸው ይይዛሉ። ግፊቱ ከፍ፣ ሙቀቱ ዝቅ ባለበት የባሕር ወለል ደለል ውስጥ ይፈጠራል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የምድር ሙቀት እየጨመረ ስለሚሄድ ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ ሃይድሬቱ መጽናት አይችልም፤ ከዚያ በታች ሚቴኑ በነጻ ጋዝ መልክ ሊቀመጥ ይችላል። በሴይስሚክ ምስል ላይ፣ ማለትም ወደ ወለሉ የተላከ ሞገድ ተንጸባርቆ ሲመለስ በሚሠራው ምስል ላይ፣ ይህ ድንበር የባሕሩን ወለል ቅርጽ ተከትሎ የሚሄድ፣ የደለሉን ንብርብሮች አቋርጦ የሚያልፍ፣ ምልክቱም ከባሕሩ ወለል ነጸብራቅ የተገለበጠ መስመር ሆኖ ይታያል። በሙያው ቢኤስአር (የእንግሊዝኛው «ወለሉን መሳይ ነጸብራቅ» ምህጻር) ይባላል።

ብዙ ጀማሪ ደማቅ ቢኤስአር ሲያይ «እዚህ ብዙ ሃይድሬት አለ» ብሎ ይደመድማል። ሞዴሉን ደረጃ በደረጃ ስትሠሩት ግን ድምቀቱ በአብዛኛው ከሥሩ ካለው ጥቂት ጋዝ እንደሚመጣ በራሳችሁ ቁጥር ታዩታላችሁ። ለዚህ ፓይተንና ኑምፓይ ያለበት ተራ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ከባዱ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው መጨረሻው ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው ብሌክ ሪጅን ነው። ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ራቅ ብሎ አትላንቲክ ውስጥ ያለ የደለል ሸንተረር ሲሆን፣ የውቅያኖስ ቁፋሮ ፕሮግራም በ1995 በ164ኛ ጉዞው 994፣ 995 እና 997 የተባሉትን ጉድጓዶች ቆፍሮበታል። ውሃው ወደ 2,800 ሜትር ይጠልቃል፤ ቢኤስአሩ ከባሕሩ ወለል በታች 450 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 994 ላይ ቢኤስአር አይታይም፣ ሃይድሬት ግን ተገኝቷል። ይህን ጉድጓድ አትርሱት፤ ደረጃ 7 ላይ ምክንያቱ ይገለጣል።

(«ቀይ ባሕርስ?» ለሚል፦ ጥልቅ ውሃው 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ስላለው፣ ጨዋማነቱም ከፍተኛ ስለሆነ ሚቴን ሃይድሬት እዚያ ለመጽናት አይመቸውም። ጥልቀት ብቻውን አይበቃም።)

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ግፊቶች ለዩ

በብሌክ ሪጅ የባሕሩ ወለል ሙቀት 3.4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በደለሉ ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 35 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ 450 ሜትር ላይ 19 ዲግሪ አካባቢ ትደርሳላችሁ። የውሃ ግፊቱን ለማግኘት 2,780 ሜትር ውሃና 450 ሜትር ደለል ደምራችሁ በ1,030 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብና በ9.81 አባዙ፤ 32.6 ሜጋፓስካል ይመጣል። የሃይድሬት መጽናት የሚታየው በዚህ ግፊት ነው።

የደለሉን ጥንካሬ የሚወስነው ግን ሌላ ግፊት ነው፦ ቅንጣት በቅንጣት ላይ የሚጫነው ውጤታማ ግፊት። እሱም

ግ = (1 − ፋ) × (የማዕድን እፍጋት − የውሃ እፍጋት) × 9.81 × ከወለሉ በታች ያለ ጥልቀት

ነው። እዚህ ፋ ማለት ፖሮሲቲ፣ ማለትም የደለሉ ቀዳዳ ድርሻ ነው። በ400 ሜትር ላይ ፋ 0.55፣ የማዕድን እፍጋት 2,629፣ የውሃ 1,030 ብትወስዱ 2.82 ሜጋፓስካል ታገኛላችሁ። ትክክለኛው አሠራር ፋን ከወለሉ ጀምሮ በየሜትሩ እየቀያየሩ መደመር ነው፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አንድ አማካይ ይበቃል።

ሁለቱ ግፊቶች ከአሥር እጥፍ በላይ ይራራቃሉ። 32.6ን ወደ ደረጃ 4 ብታስገቡ የፒ ሞገድ (ደለሉን እየጨመቀና እየለቀቀ የሚሄደው) ፍጥነት 1,718 ሜትር በሰከንድ መሆን ሲገባው 1,891 ይወጣል። ይህ ደግሞ የደለሉ ቀዳዳ 30 በመቶ ሃይድሬት ቢኖረው በደረጃ 6 አንደኛው አማራጭ ከሚገኘው ፍጥነት ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ስሕተቱ ራሱን እንደ ግኝት አድርጎ ያቀርባል ማለት ነው። መያዣው የኤስ ሞገድ (ደለሉን ወደ ጎን እያንቀሳቀሰ የሚሄደው) ነው፦ 499 መሆን የነበረበት 750 ይሆናል።

የቢኤስአሩን ጥልቀት ከሙቀትና ከግፊት ሰንጠረዥ ብቻ አታውጡ። በብሌክ ሪጅ ቢኤስአሩ ያለበት ቦታ ሙቀት ከንድፈ ሐሳቡ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጥልቀቱን ከሴይስሚክ ምስሉ አንብቡ፣ ሰንጠረዡን ለማመሳከር ተጠቀሙበት።

ደረጃ 2፦ የንጥረ ነገሮቹን ቁጥር አስገቡ

በልክ ሞዱለስን (አንድ ነገር መጨመቅን የሚቋቋምበትን ጥንካሬ) ኬ፣ ሺር ሞዱለስን (ወደ ጎን መዛባትን የሚቋቋምበትን) ጂ እንላለን። ሁሉንም በጊጋፓስካል፣ እፍጋትን በግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ያዙ፤ ሞዱለሱን ለእፍጋት አካፍላችሁ ካሬ ሥሩን ስታወጡ ፍጥነቱ ቀጥታ በኪሎ ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ግፊቱም ጊጋፓስካል መሆኑን አትርሱ፦ 0.00282 ነው እንጂ 2.82 አይደለም።

ሸክላ፦ ኬ 20.9፣ ጂ 6.85፣ እፍጋት 2.58
ካልሳይት፦ ኬ 76.8፣ ጂ 32፣ እፍጋት 2.71
ኳርትዝ፦ ኬ 36.6፣ ጂ 45፣ እፍጋት 2.65
ሚቴን ሃይድሬት፦ ኬ 7.9፣ ጂ 3.3፣ እፍጋት 0.90
የባሕር ውሃ፦ ኬ 2.5፣ ጂ 0፣ እፍጋት 1.03
ሚቴን ጋዝ በዚህ ግፊት፦ ኬ 0.11፣ ጂ 0፣ እፍጋት 0.23

የጋዙ ቁጥር ለዚህ ጥልቀት ብቻ ነው። ውሃው 800 ሜትር ብቻ ለሆነበት ቦታ ከዚህ ሰንጠረዥ ቀድታችሁ ብትጠቀሙ ጋዙ ከእውነቱ በላይ ጠንካራ ይሆንባችኋል፤ በእናንተ ግፊትና ሙቀት እንደገና አስሉት። ሃይድሬቱን ደግሞ ብቻውን ፈትሹት፦ ከላይ ባሉት ቁጥሮች ንጹሕ ሃይድሬት ፒ ሞገድን በ3.70፣ ኤስ ሞገድን በ1.91 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ማሳለፍ አለበት። ይህ ካልወጣ አሃድ ተቀላቅሏል።

ደረጃ 3፦ ማዕድኑን አንድ አድርጉ

ለብሌክ ሪጅ 60 በመቶ ሸክላ፣ 35 በመቶ ካልሳይት፣ 5 በመቶ ኳርትዝ ጥሩ መነሻ ነው። በየድርሻቸው ሁለት አማካይ አውጡ፦ አንደኛው ተራው ድምር (ፎይት)፣ ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ድምር (ሮይስ)። የሁለቱ እኩሌታ የሂል አማካይ ይባላል።

ኬ፦ ፎይት 41.25፣ ሮይስ 28.88፣ ሂል 35.06
ጂ፦ ፎይት 17.56፣ ሮይስ 10.04፣ ሂል 13.80
እፍጋት፦ 2.629

ከዚህም የፖይሰን ንጥጥር ኑ = (3ኬ − 2ጂ) ÷ (2 × (3ኬ + ጂ)) = 0.326 ይሆናል። የሸክላው ሞዱለስ ራሱ ከቦታ ቦታ በሰፊው ስለሚለያይ እዚህ ከሁለተኛ አሃዝ በላይ መጨነቅ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 4፦ ደረቁን አፅም ሥሩ

አፅም ስንል ቀዳዳው ባዶ ቢሆን የሚቀረውን የቅንጣት ክምችት ማለታችን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ገና ላልተጠናከረ ደለል የሚሠራው መንገድ ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ቅንጣቶቹ ልክ ተነካክተው በሚቆሙበት ወሳኝ ፖሮሲቲ (ፋወ፣ እዚህ 0.38) ላይ በኸርትዝ-ሚንድሊን ቀመር ሞዱለሱን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ወደ እውነተኛው ፖሮሲቲ ትወስዱታላችሁ። ነ አንድ ቅንጣት ከስንት ጎረቤት ጋር እንደሚነካካ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 9 ውሰዱ።

ኬኸ = [ነ² × (1 − ፋወ)² × ጂማ² × ግ ÷ (18 × ፓይ² × (1 − ኑ)²)]^(1/3)
ጂኸ = (5 − 4ኑ) ÷ (5 × (2 − ኑ)) × [3 × ነ² × (1 − ፋወ)² × ጂማ² × ግ ÷ (2 × ፓይ² × (1 − ኑ)²)]^(1/3)

ጂማ የማዕድኑ ጂ ነው። ኬኸ 0.592፣ ጂኸ 0.784 ጊጋፓስካል ሊወጣላችሁ ይገባል። ቀጥሎ፦

ሀ = (1 − ፋ) ÷ (1 − ፋወ)፣ ለ = (ፋ − ፋወ) ÷ (1 − ፋወ)
ዘ = (ጂኸ ÷ 6) × (9ኬኸ + 8ጂኸ) ÷ (ኬኸ + 2ጂኸ)
ኬደ = 1 ÷ [ሀ ÷ (ኬኸ + 4/3 ጂኸ) + ለ ÷ (4/3 ጂኸ)] − 4/3 ጂኸ
ጂደ = 1 ÷ [ሀ ÷ (ጂኸ + ዘ) + ለ ÷ ዘ] − ዘ

ለፋ 0.55 ኬደ 0.372፣ ጂደ 0.436 ይሆናል።

እነዚህ ቀመሮች ፋ ከፋወ በላይ ለሆነበት ብቻ ናቸው። ፋ ከ0.38 ሲወርድ ሀ = ፋ ÷ ፋወ፣ ለ = 1 − ሀ ይሆናል፤ ከለ ሥር ባለው አካፋይ ላይም ለኬ የማዕድኑ ኬ፣ ለጂ የማዕድኑ ጂ ይደመራል። ኮዳችሁ ውስጥ ይህን ቅርንጫፍ አሁኑኑ ጻፉት። ሃይድሬት ሲጨመር ፖሮሲቲው ስለሚያንስ ሳታስቡት ወደዚያኛው ወገን ትሻገራላችሁ፤ በዚህ ምሳሌ መሻገሪያው ሃይድሬቱ ከቀዳዳው 31 በመቶ ሲይዝ ነው።

ደረጃ 5፦ ውሃውን ሙሉ

ደረቁ አፅም በፈሳሽ ሲሞላ ሞዱለሱን የሚሰጠው የጋስማን ቀመር ይኸው፦

ኬእ = ኬማ × [ፋ × ኬደ − (1 + ፋ) × ኬፈ × ኬደ ÷ ኬማ + ኬፈ] ÷ [(1 − ፋ) × ኬፈ + ፋ × ኬማ − ኬፈ × ኬደ ÷ ኬማ]

ኬፈ የፈሳሹ፣ ኬማ የማዕድኑ፣ ኬእ የእርጥቡ ደለል በልክ ሞዱለስ ነው። ጂ ፈሳሽ ስለማይነካው ጂደ እንዳለ ይቀጥላል። ከዚያም

ፒ ፍጥነት = √[(ኬእ + 4/3 ጂደ) ÷ እፍጋት]
ኤስ ፍጥነት = √[ጂደ ÷ እፍጋት]

ውሃ ብቻ ላለበት ደለል ኬእ 4.58፣ እፍጋት 1.750፣ ፒ 1,718፣ ኤስ 499 ሜትር በሰከንድ። ከዚህ ሳትደርሱ ወደ ሃይድሬት አትለፉ። መነሻው 50 ሜትር በሰከንድ ቢሳሳት የሃይድሬቱ ግምት ከቀዳዳው አሥር በመቶ በሚያህል መጠን ይናጋል፤ ለምን እንደሆነ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ግልጽ ነው።

ደረጃ 6፦ ሃይድሬቱን የት ታስቀምጡታላችሁ?

ከምርጫዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። የሃይድሬቱ መጠን አንድ ሆኖ የተቀመጠበት ሁኔታ ብቻ ሲለወጥ ፍጥነቱ ይለያያል።

አንደኛው አማራጭ ሃይድሬቱ በቀዳዳው መካከል ተንሳፎ የፈሳሹ አካል ሆነ ማለት ነው። ውሃና ሃይድሬትን በሮይስ አማካይ አቀላቅላችሁ አዲስ ኬፈ ታወጣላችሁ፣ አፅሙን አትነኩም። ሃይድሬቱ ከቀዳዳው 10 በመቶ ሲሆን ኬፈ 2.68፣ ፒ 1,769፣ ኤስ 500 ይሆናል። በ30 በመቶ ፒ 1,890፣ ኤስ 502።

ሁለተኛው ሃይድሬቱ ከቅንጣቶቹ ጋር ሸክም የሚሸከም የአፅሙ አካል ሆነ ማለት ነው። ፖሮሲቲውን ወደ ፋ × (1 − ሙሌት) ቀንሱ፣ ሙሌት ማለት ሃይድሬቱ ከቀዳዳው የያዘው ድርሻ ነው፤ ሃይድሬቱን እንደ አራተኛ ማዕድን በደረጃ 3 ጨምሩ፤ ደረጃ 4ንና 5ን ድገሙ። በ10 በመቶ ፋ 0.495 ሆኖ ፒ 1,790፣ ኤስ 527። በ30 በመቶ ፒ 1,969፣ ኤስ 601።

ሦስተኛው ሃይድሬቱ የቅንጣቶቹን መገናኛ እንደ ሲሚንቶ አጣብቋል የሚለው ነው። በጣም ጥቂት ሃይድሬት ፍጥነቱን ሽቅብ ያስፈነጥረዋል። ለብሌክ ሪጅ የተለኩት ፍጥነቶችም ሆኑ የቢኤስአሩ ነጸብራቅ በምንጩና በመቀበያው መካከል ባለው ርቀት የሚለዋወጥበት መንገድ ይህን አይደግፉም፤ የተለየ ማስረጃ ከሌላችሁ ተዉት።

የእኛ ምክር በሁለተኛው ጀምሩ፣ አንደኛውን እንደ ታችኛው ገደብ አብራችሁ አሂዱ የሚል ነው። የኤስ ፍጥነት ልኬት ካላችሁ ዳኛው እሱ ነው፦ በአንደኛው ኤስ አይንቀሳቀስም፣ በሁለተኛው ይጨምራል። ፒ ብቻ ይዞ በሁለቱ መካከል መፍረድ አይቻልም። 1,790 የሚለው ፍጥነት በሁለተኛው 10 በመቶ ሲሆን፣ በአንደኛው ወደ 13 ወይም 14 በመቶ ይሄዳል።

እዚህ የሚዘወተር ስሕተት አለ። ከጉድጓድ የእፍጋት ልኬት የምታገኙት ፖሮሲቲ ሃይድሬቱንም ይጨምራል፤ የሃይድሬት እፍጋት ለውሃ ስለሚቀርብ መሣሪያው አይለየውም። ያንን ፖሮሲቲ የውሃ ብቻ አድርጋችሁ ሃይድሬቱን በላዩ ብትጨምሩ ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁት። ሌላው ደግሞ «10 በመቶ» ስትሉ ከቀዳዳው ነው ወይስ ከደለሉ ጠቅላላ ይዘት? በፋ 0.55 ከቀዳዳው 10 በመቶ ማለት ከደለሉ 5.5 በመቶ ነው። ሁለቱ በጽሑፎች ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚገኙ ከሰው ቁጥር ስትወስዱ አጣሩ።

አንድ ማሳሰቢያ ለህንድ ዓይነቱ ደለል። በክሪሽና-ጎዳቫሪ ተፋሰስ በ2006 በተቆፈረ ቦታ ሃይድሬቱ ሸክላው ውስጥ ባሉ ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ተሞልቶ ተገኝቷል። እንዲህ ሲሆን ፍጥነቱ በአቅጣጫ ይለያያል፤ ከላይ ያለው ቀመር ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው ብሎ ስለሚነሳ የሃይድሬቱን መጠን አጋንኖ ይነግራችኋል። ለዚያ አቅጣጫን ያገናዘበ የንብርብር ሞዴል ያስፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ጋዙን ጨምሩና ድንበሩን አስሉ

ከቢኤስአር በታች ውሃና ጋዝን በሮይስ አማካይ አቀላቅሉ፣ እፍጋቱንም አስተካክሉ። ከ1,718 የነበረው ፒ በ1 በመቶ ጋዝ 1,596፣ በ2 በመቶ 1,504፣ በ5 በመቶ 1,324 ይሆናል። ኤስ 500 አካባቢ እንዳለ ይቀራል። በ995 እና በ997 ጉድጓዶች ውስጥ በተደረገ የሴይስሚክ ልኬት ከቢኤስአር በታች ፍጥነቱ ከውሃ ፍጥነት በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ጋዝ ያለበት ንብርብርም ቢያንስ 250 ሜትር ውፍረት አለው።

የነጸብራቁን መጠን ለማግኘት የየንብርብሩን ፍጥነት በእፍጋቱ አባዙ (ኢምፒዳንስ ይባላል)፤ ከዚያ (የታችኛው − የላይኛው) ÷ (የታችኛው + የላይኛው)።

ከላይ 10 በመቶ ሃይድሬት፣ ከታች ውሃ ብቻ፦ −0.019
ከላይ 10 በመቶ ሃይድሬት፣ ከታች 2 በመቶ ጋዝ፦ −0.087

ሃይድሬቱን ሳትነኩ ጥቂት ጋዝ ብቻ ስትጨምሩ ነጸብራቁ ከአራት እጥፍ በላይ ደመቀ። የ994ም ነገር በዚህ ይገባል፦ ሃይድሬት ኖሮ ከሥሩ ጋዝ ከሌለ ወይም ድንበሩ ስለታም ካልሆነ የሚታይ ነገር የለም።

ጋዙ በእኩል ሳይሰራጭ እዚህም እዚያም ተጠራቅሞ ከተቀመጠ የሮይስ አማካይ ፍጥነቱን ከመጠን በላይ ያወርደዋል። ስለዚህ ከ2 በመቶ በላይ ጋዝ ስታስገቡ በእኩል የተሰራጨውንም እዚህም እዚያም የተጠራቀመውንም ሁኔታ አስሉ፤ እውነቱ ብዙ ጊዜ በመካከል ነው።

ከርቀት ጋር ያለውን ለውጥ ለማየት ነጸብራቁን በየማዕዘኑ የሚሰጠውን የዞፕሪትዝ እኩልታ ተጠቀሙ። ለመጀመሪያ ግምት ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ያለው ነጸብራቅና የሚጨምርበት ተዳፋት። በሁለተኛው የሃይድሬት አማራጭ ተዳፋቱ −0.066፣ በአንደኛው −0.081 አካባቢ ይወጣል። ሁለቱም አሉታዊ ናቸው፤ ማለትም ቢኤስአሩ ማዕዘኑ ሲሰፋ ይበልጥ ይደምቃል። ልዩነታቸው ግን በተለመደ የመስክ መረጃ ጫጫታ ውስጥ የሚሰጥም ነው። ሃይድሬቱ ትንሽ በሆነበት ቦታ ከዚህ ተዳፋት ተነስቶ አቀማመጡን ለይቻለሁ የሚል ሥራ ስታነቡ መጀመሪያ የስሕተት ገደቡን ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ ባለ አንድ መስመር ሴይስሞግራም

ወለሉን፣ ሃይድሬት የሌለበትን የላይኛውን ደለል፣ ከ190 እስከ 450 ሜትር ያለውን የሃይድሬት ክፍልና የጋዙን ክፍል በየ1 ሜትሩ በዝርዝር አስቀምጡ። ፍጥነቱን ወደ ጊዜ ለውጡ፤ 450 ሜትር በአማካይ 1,680 ሜትር በሰከንድ ደርሶ መልስ 0.54 ሰከንድ ይፈጃል። የነጸብራቁን ተከታታይ በ30 ኸርትዝ የሪከር ሞገድ (አጭር የምንጭ ምት) ኮንቮልቭ አድርጉ፣ ማለትም በየነጸብራቁ ላይ የሞገዱን ቅርጽ በነጸብራቁ መጠን አስቀምጣችሁ ደምሩ።

ቢኤስአሩ ከወለሉ ተገልብጦ ካልወጣ በነጸብራቁ ቀመር ላይ ላይኛውንና ታችኛውን አቀያይራችኋል።

በ30 ኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት በ1,700 ሜትር በሰከንድ 57 ሜትር ነው። የጋዙ ንብርብር ከ12 ወይም 13 ሜትር ከሳሳ የላይኛውና የታችኛው ፊቱ ነጸብራቅ እርስ በርስ ይጠላለፋል፤ ድምቀቱን ቀጥታ ወደ ጋዝ መጠን መተርጎም አይቻልም። ድንበሩን እንደ ቢላ ስለት ሳይሆን ከ5 እስከ 10 ሜትር በሚወስድ ሽግግር አድርጋችሁም ሞክሩ። በ30 ኸርትዝ ለውጡ ብዙ አይታይም፤ በ150 እና ከዚያ በላይ ግን ቢኤስአሩ ይደበዝዛል። በመስክም ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸው መሣሪያዎች ቢኤስአሩን ደካማ አድርገው የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሞገዱ ሲጓዝ የሚዳከመውን በኪው ቁጥር አስገቡ፤ ኪው ሲያንስ መዳከሙ ይበዛል። ኪው 100 ሲሆን ከ30 ኸርትዝ ሞገድ ከፍታ በ0.54 ሰከንድ ጉዞ 60 በመቶ ያህሉ፣ ኪው 200 ሲሆን 78 በመቶ ያህሉ ይቀራል። በካናዳው ማሊክ ጉድጓድ ውስጥ በድምፅ መሣሪያ የተለካው ሞገድ ሃይድሬት ባለበት ክፍል ክፉኛ ሲዳከም ታይቷል። ያ ልኬት ግን በኪሎ ኸርትዝ ደረጃ ነው፤ ኪውውን ቀድታችሁ ለ30 ኸርትዝ አታውሉት።

ደረጃ 9፦ የሞገዱን እኩልታ በሁለት አቅጣጫ (በርዝመትና በጥልቀት) መፍታት

ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ካልተስማማ እዚህ አትምጡ፤ የሚያምር ምስል ይወጣል፣ ስሕተቱ ግን ይደበቃል። ዴቪቶ፣ ስፔክፌም 2ዲ ወይም ማዳጋስካር ከተባሉት ሶፍትዌሮች ማንኛቸውም ይሠራሉ። ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ አራተኛ ደረጃ ትክክለኛነት ያለው የተጠላለፈ መረብ (ፍጥነቱና ጫናው በተለያዩ ነጥቦች ላይ የሚያዙበት) ይበቃል።

የመረቡ ዓይን የሚወሰነው በአጭሩ ሞገድ ነው። ለ30 ኸርትዝ ሪከር ከፍተኛውን ድግግሞሽ 75 ኸርትዝ ያዙ። በፒ ሞገድ ብቻ ከሠራችሁ ዝቅተኛው ፍጥነት 1,500 ስለሆነ አጭሩ ሞገድ 20 ሜትር ነው፤ በአንድ ሞገድ 5 ነጥብ ቢሆን 4 ሜትር ይበቃል፣ 2.5 ብትወስዱ ደግሞ ያረጋጋል። የጊዜ እርምጃው ከ0.606 × የመረብ ዓይን ÷ ከፍተኛ ፍጥነት ማነስ አለበት፦ ለ2.5 ሜትርና ለ2,000 ሜትር በሰከንድ ከ0.00076 ሰከንድ በታች። 0.0005 ውሰዱ። ምስሉ ከጥቂት መቶ እርምጃ በኋላ በግዙፍ ቁጥሮች ከተሞላ የተጣሰው ይህ ገደብ ነው።

ኤስ ሞገድ ሲገባ ችግሩ ይመጣል። ከባሕሩ ወለል ወዲያው በታች ያለው ጭቃ ኤስን በ100 ሜትር በሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ነው የሚያሳልፈው። በ75 ኸርትዝ ያ 1.3 ሜትር ሞገድ ነው፤ መረቡ 25 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። በላይኛው ጥቂት አሥር ሜትሮች የኤስ ፍጥነትን ከ200 በታች እንዳይወርድ ብትገድቡ መረቡ 0.5 ሜትር ይሆናል። ያም ቢሆን 4 በ4 ኪሎ ሜትር 64 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ በነጥብ ስምንት ቁጥር ቢያዝ 2 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ፣ ከ30,000 በላይ የጊዜ እርምጃ። ይህ ገደብ ወለሉ ላይ ወደ ኤስ የሚለወጠውን ጉልበት ትንሽ ያዛባል፣ የቢኤስአሩን የፒ ነጸብራቅ ግን ብዙም አይነካውም። ንብርብሮቹ ጠፍጣፋ ከሆኑ በሁለት አቅጣጫ መድከም አያስፈልግም፤ በንብርብር የሚሠራው የሪፍሌክቲቪቲ ስሌት ያንኑ በደቂቃዎች ይሰጣል።

ዳር ዳሩን ሞገድ የሚውጥ ከ20 እስከ 40 ነጥብ ስፋት ያለው ንብርብር አድርጉ። የውሃውን ገጽ ነጸብራቅ በተመለከተ በብሌክ ሪጅ ዕድለኛ ናችሁ፦ የወለሉ ነጸብራቅ በ3.7 ሰከንድ፣ ቢኤስአሩ በ4.2፣ የወለሉ ድጋሚ (ከውሃው ገጽ ተመልሶ ወለሉን ዳግም የሚመታው ነጸብራቅ) ግን በ7.4 ይመጣልና አይደራረቡም። ውሃው 400 ሜትር በሆነበት ድጋሚው 1.07 ሰከንድ ላይ ገብቶ ቢኤስአሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የውሃው ገጽ ቢወጣም የምንጩን መንፈስ፣ ማለትም ከገጹ ተመልሶ የሚከተለውን የተገለበጠ ሞገድ፣ በሞገዱ ቅርጽ ውስጥ አስገቡ፤ ምንጩ 6 ሜትር ላይ ከሆነ 125 ኸርትዝን ያጠፋል።

ንብርብሮቹን ከ3 እስከ 5 ዲግሪ አዘንብሉ፣ ቢኤስአሩ አግድም ያቋርጣቸው። ያጋደለ ድንበር በካሬ መረብ ላይ ደረጃ ደረጃ ስለሚሆን የሌሉ ትንንሽ ጅራቶችን ይፈጥራል፤ ድንበሩ በሚያልፍባቸው ነጥቦች ላይ ለሞዱለስ የተገላቢጦሽ አማካይ፣ ለእፍጋት ተራ አማካይ ውሰዱ። በሃይድሬቱ ክፍል ውስጥ በመስክ ምስል ላይ የሚታየውን ድብዝዝታ ለመምሰል ብላችሁ ነጸብራቆቹን በእጅ አታዳክሙ። ደለሉ ራሱ ወጥ ከሆነ ያለ ሃይድሬትም ይደበዝዛል፤ ሞዴሉ ከፍጥነትና ከእፍጋት ብቻ ተነስቶ ያወጣውን ተቀበሉ።

ውጤቱን በሁለት ነገር ፈትኑት። በመጀመሪያ ጠፍጣፋ ንብርብር ሰጥታችሁ ከምንጩ በቀጥታ ሥር ያለውን ምልክት ውሰዱ፤ የሞገዱን በርቀት መስፋት ካስተካከላችሁ በኋላ የቢኤስአሩና የወለሉ ንጥጥር በደረጃ 7 ቀመር ካወጣችሁት ከጥቂት በመቶ በላይ መራቅ የለበትም። ቀጥሎ የመረቡን ዓይን በግማሽ ቀንሳችሁ አሂዱ፤ የቢኤስአሩ ቅርጽ ከተለወጠ የመጀመሪያው መረብ ሰፊ ነበር። ከዋናው ሞገድ ጀርባ የሚንጠለጠል፣ ከድግግሞሽ ጋር የሚጨምር ማዕበል ካያችሁም ምክንያቱ ያው ነው።

በየሩጫው ፋይል ላይ የሃይድሬቱን አማራጭ፣ ሙሌቱ ከቀዳዳ ወይም ከደለል መሆኑን፣ ፋወን፣ ነን፣ የጋዙን ኬና አቀላቀሉን መዝግቡ። ፍጥነቱን ከሚያናውጡት መካከል ነ እና ፋወ ይገኛሉ፤ ነን ከ8 እስከ 9.5፣ ፋወን ከ0.36 እስከ 0.40 እያንቀሳቀሳችሁ አሂዱና የሃይድሬቱን ግምት በአንድ ቁጥር ሳይሆን በዚያ በሚወጣው ክልል ጻፉ።